ጅማ ከተከራየሁት ቤት ያገኘሁት ተክል ምንድነው? ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ነው

ሀዊ_ቆጪ | ሐምሌ 9

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ ቆጪ አካባቢ ነው የምኖረው። ከእኔ በፊት ቤቱን ተከራይተው የነበሩት ሰዎች ሲለቁ አንድ ተክል ሳሎን ጥግ ላይ ትተው ሄደዋል። አከራዬን ስሙን ብጠይቃቸው «አበባ ነው፤ ውሃ አይጉደልበት እንጂ ምንም አይልም» አሉኝ። አበባ ሲያወጣ ግን እሳቸውም አላዩትም።

መልኩን ልንገራችሁ። የተተከለው በነጭ የቀለም ባልዲ ነው። ከአፈሩ ስምንት ዘንጎች ለየብቻ ቀጥ ብለው ወጥተዋል፤ ቁመታቸው ጉልበቴ ድረስ ነው። ዘንጉ ከሥሩ አውራ ጣት ያክላል፣ ወደ ላይ ሲሄድ እየቀጠነ ይመጣል። ቅጠሎቹ በዘንጉ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ወፈር ያሉ ናቸው፤ ቅባት የተቀቡ ይመስል ያብረቀርቃሉ። እሾህ የለውም፣ ሽታም የለውም።

ክረምቱ ከገባ ወዲህ የሁለቱ ዘንጎች የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኗል። ሦስተኛው ዘንግ ጭራሽ ዘንበል ብሎ ግድግዳ ተደግፏል፤ ከሥሩ ጫን ሳደርገው ይሰረጉዳል። ቤት ውስጥ ሌላ ተክል የለኝም፤ ይሄ እንዲሞትብኝ አልፈልግም። ስሙንና አያያዙን የምታውቁ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም። ሦስት ፎቶ አያይዣለሁ።

ቢኒ_ፈረንጅ_አራዳ | ሐምሌ 9

ሳይካስ ነው። ሆቴል በር ላይ ግራና ቀኝ የሚቆመው፤ ገና ልጅ ስለሆነ ነው ግንድ ያላወጣው። ቢጫ የሆነው ፀሐይ አጥቶ ነው። ግቢ አውጪውና ፀሐይ ይምታው።

አጋሮ_ቡና | ሐምሌ 9

ልጄ፣ እኔ ፎቶውን ሳየው ቶሎ የመጣልኝ የብርብራ ችግኝ ነው። ከሳሳና ከዋንዛ ጋር ለቡና ጥላ የምንተክለው እሱን ነው፤ ቅጠሉ እንዲሁ ግራና ቀኝ ይደረደራል። ግን የእሱ ቅጠል ስስ ነው እንጂ እንዲህ አያብረቀርቅም። ደግሞ ብርብራ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ጣሪያ ይነካ ነበር። እስቲ የሚያውቅ ይምጣ።

መምህር_ዘባዮሎጂ | ሐምሌ 10

ሀዊ፣ ለጊዜው ፀሐይ ላይ እንዳታወጪው። ጥላ የለመደ ቅጠል ድንገት ፀሐይ ካገኘው ይቃጠላል፤ የተቃጠለው ደግሞ መልሶ አያገግምም። በቅድሚያ ማንነቱን እንለይ።

አበባ የሌለው ተክል ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የማየው አንዱ ቅጠል ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው። ቅጠል ከግንድ ጋር በሚገናኝበት ብብት ውስጥ ትንሽ እምቡጥ አለች። ነገ ቅርንጫፍ ወይም አበባ የምትሆነው እሷ ናት። እምቡጥ ያለችበት ቦታ የቅጠሉ መነሻ ነው። ብርብራን ውሰዱ፦ ትንንሾቹ ቅጠሎች ከመሃለኛው ዘንግ በሚወጡበት ቦታ እምቡጥ አታገኙም። እምቡጧ ያለችው ዘንጉ ራሱ ከእንጨቱ ጋር በሚገናኝበት ነው። ስለዚህ ያ ዘንግ ከነትንንሽ ቅጠሎቹ ተደምሮ አንድ ቅጠል ነው። በዚያ ላይ የብርብራ ዘንግ ጫፉ ላይ ብቻዋን በቆመች አንዲት ትንሽ ቅጠል ይጨርሳል፤ አንድ የእንጨት ግንድ ላይም ብዙ እንዲህ ያሉ ቅጠሎች ይኖራሉ። የሀዊ ተክል ግን እንጨት የሚባል ነገር የለውም፤ ስምንቱም ዘንግ በቀጥታ ከአፈር ነው የወጣው።

ሳይካስም አይመስለኝም። የሳይካስ ቅጠል ደረቅና ጠንካራ ነው፣ ጫፉ ይወጋል፤ ሁሉም ቅጠል ከአንድ ራስ ዙሪያውን ይከፈታል። ሳይካስ አለመሆኑን ማረጋገጡ ለሌላም ነገር ይጠቅማል፤ የሳይካስ ፍሬ ለሰውም ለውሻም ክፉ መርዝ ስለሆነ ልጅ ባለበት ቤት በቸልታ የሚታይ አይደለም።

አሁን እባክሽ አንድ ሥራ ልስጥሽ። ትንንሾቹ ቅጠሎች ከዘንጉ በሚወጡበት ብብት እምቡጥ ካለ በደንብ እዪ። ከዚያ በዘንበል ባለው ዘንግ ዙሪያ አፈሩን በጣትሽ ገለጥ አድርጊና ሥሩ ምን እንደሚመስል ንገሪን። በመጨረሻ አንዲት ቅጠል ቁረጪና የሚወጣው ፈሳሽ እንደ ወተት ነጭ ይሁን ወይም እንደ ውሃ ጥርት ያለ፣ እሱን ንገሪን። ስትጨርሺ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፤ ሳትታጠቢ ዓይንሽን እንዳትነኪ።

ሀዊ_ቆጪ | ሐምሌ 10

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁሉንም አየሁ።

በእጅ ስልኬ መብራት አንድ በአንድ ተመለከትኩ፤ በትንንሾቹ ቅጠሎች ብብት ምንም እምቡጥ የለም። ፈሳሹ ጥርት ያለ ነው፤ ቅጠሉ ሲቆረጥ ውሃ የቋጠረ መሆኑ ይታወቃል።

ሥሩ ግን አስገረመኝ። አፈሩን ስገልጥ ቡናማ ድንች የሚመስሉ ነገሮች ተያይዘው ተቀብረዋል፤ ትልቁ የዶሮ እንቁላል ያክላል። ዘንጎቹ የወጡት ከእነሱ ላይ ነው። ከዘንበል ካለው ዘንግ ሥር ያለው ግን ጣቴ ሲነካው ፈረሰ፤ ይሸታል። ባልዲውንም ገልብጬ አየሁት፤ ከታች አንድም ቀዳዳ የለውም።

አጋሮ_ቡና | ሐምሌ 10

ድንች ካለውስ የጎደሬ ወገን እንዳይሆን? ቅጠሉ አይመስልም፤ ከሥር ያለው ነገር ግን እንደዚያ ነው የሚያስብለኝ። ብቻ ልጄ፣ ይበላል ብለሽ እንዳትሞክሪው።

እትዬ_ችግኝ | ሐምሌ 11

ጋሼ የአጋሮው፣ ወገኑን በትክክል አግኝተውታል።

ሀዊዬ፣ ይሄ ዛሚዮኩልካስ ዛሚፎሊያ ነው። እኛ ችግኝ የምናፈላና የምንሸጥ ሰዎች ባጭሩ ዚዚ እንለዋለን። ከጎደሬ፣ ከነጯ የሠርግ አበባ ከካላ፣ በየግድግዳው ከሚንጠላጠለው ፖቶስና ከሞንስቴራ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ዘንግ ያልሽው እያንዳንዱ አንድ ቅጠል ነው፤ ስምንት ዘንግ ካለሽ ያለሽ ስምንት ቅጠል ነው። እውነተኛው ግንድ ያ ድንች የመሰለሽ ነው፤ አፈር ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። አበባ ቢያወጣም ቶሎ አታዪውም፤ ከአፈሩ ብዙም ሳይርቅ ከቅጠሎቹ ሥር ትንሽ የበቆሎ ራስ የምትመስል ፈዛዛ ነገር ብቅ ትላለች፤ ዙሪያዋን አረንጓዴ ሽፋን አላት። ቤት ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ አያብብም።

አገሩ ሩቅ አይደለም። ከኬንያ ጀምሮ በታንዛኒያ፣ በሞዛምቢክና በዚምባብዌ አድርጎ እስከ ደቡብ አፍሪካ ሰሜን ምሥራቅ ድረስ በዱር ይበቅላል። እንግሊዝ አገር ያሉ የአትክልት ነጋዴዎች እ.ኤ.አ. በ1829 ነው መጀመሪያ የመዘገቡት፤ የዛሬውን ስሙን ደግሞ ጀርመናዊው የእፅዋት ሊቅ ኤንግለር እ.ኤ.አ. በ1905 አጸደቀለት። በዓለም ገበያ የታወቀው ግን የሆላንድ ችግኝ አምራቾች እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ በብዛት ማራባት ሲጀምሩ ነው። እኛ ዘንድም የመጣው ከጎረቤት ኬንያ በእግሩ ሳይሆን በዚሁ በንግዱ በኩል ነው።

ይሄን ሁሉ የምነግርሽ በምክንያት ነው። በአገሩ ረጅም በጋ አለ። ዝናቡ ሲጠፋ ቅጠሉን አራግፎ ከመሬት በታች ባለው ግንድ ላይ በቋጠረው ውሃ ብቻ ቆይቶ፣ ዝናብ ሲመጣ እንደገና ያቆጠቁጣል። ድንቹ የውሃ ጎተራው ነው ማለት ነው። ጎተራው ሞልቶ ሳለ ከላይ ስታፈሺበት ሥሩ አየር ያጣል፣ ይበሰብሳል፤ ቅጠሉም ቢጫ ይሆናል። ተክሉ ሲጠማም ሲሰምጥም ቅጠሉ ቢጫ ይሆናልና ቅጠሉን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። የሥሩ መለስለስና ሽታው ግን የመስመጥ ምልክት ነው፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ባልዲው የተቀመጠው የት ነው? ከአንቺ ሌላስ ውሃ የሚያጠጣው ሰው አለ?

ሀዊ_ቆጪ | ሐምሌ 11

እትዬ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ።

ባልዲው ያለው ረከቦቱ አጠገብ ነው። አከራዬና ጎረቤቶቼ ቡና የሚጠጡት እኔ ጋ ተሰብስበው ነው፤ ጠዋትም ማታም ይፈላል። ስኒው በተለቀለቀ ቁጥር እጣቢው ወዴት ይሄዳል? ወደ ባልዲው! የጀበናው አተላም ጭምር። እኔ በሳምንት አንዴ ብቻ ነው የማጠጣው፤ ተክሉ ግን በቀን ስንቴ እንደሚጠጣ ማንም አልቆጠረም።

አሁን ሄጄ ከላይ ያለውን በማንኪያ ጫርኩት። ጥቁር የቡና አተላ ጠጥሮ የጣት ውፍረት ያለው ንጣፍ ሠርቷል። በላዩ ነጭ ሻጋታ አለ፤ ስጭረው ጥቃቅን ጥቁር ትንኞች ብር ብለው ወጡ። ከሥሩ ያለው አፈር ጭቃ ነው።

ቢኒ_ፈረንጅ_አራዳ | ሐምሌ 11

እኛ ቤት ግን እናቴ አተላውን ለጽጌረዳዋ ነው የምትሰጠው፤ ጽጌረዳው ያምራል። አተላ ጥሩ ማዳበሪያ አይደለም እንዴ?

እትዬ_ችግኝ | ሐምሌ 12

ቢኒ፣ የእናትህ ጽጌረዳ ግቢ ውስጥ መሬት ላይ ነው። እዚያ ትል አለ፣ ፀሐይ አለ፣ ውሃው ወደ ታች ይሰርጋል፤ አተላው ቶሎ ከአፈሩ ጋር ይዋሃዳል። ባልዲ ውስጥ ግን አተላ ጥቃቅን ስለሆነ ተጣብቆ ይጋገራል፤ አየር አያሳልፍም፣ እርጥበት ይዞ ይቆያል። ትንኙም እንቁላሉን የሚጥለው እንዲህ ባለ እርጥብ አፈር ላይ ነው፤ አፈሩ ሲደርቅ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። አተላውን ማባከን የማይወድ ሰው መጀመሪያ ከቅጠላ ቅጠል ጋር ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ ያብስለው።

ሀዊዬ፣ አሁን ወደ ማዳኑ። ዛሬውኑ አውጪው፤ ክረምቱ እስኪወጣ ብለሽ አትጠብቂ። ባልዲውን በጎኑ አጋድመሽ ተክሉን ከነአፈሩ ጎትተሽ አውጪ፤ ዘንጉን ይዘሽ ግን አትሳቢ። ጭቃውን በእጅሽ እያራገፍሽ ድንቹን ግለጪ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ጫን እያደረግሽ ፈትሺ። ጠጣር የሆነው ጤነኛ ነው፤ ቀለሙ ቢጠቁር እንኳ ግድ የለም። የሚሰረጉደውንና የሚሸተውን በአልኮል በተጠረገ ቢላዋ ጤናማው ነጭ ሥጋ እስኪታይ ድረስ ቁረጪ። ጥቁር የሆነና ሲጎተት ልጡ የሚወልቅ ሥርም አብሮ ይወገድ። አንድ ቁራጭ እንኳ አዝነሽ እንዳትተዪ፤ ብስባሹ ወደ ጤነኛው ይዘልቃል።

ከዚያ ዋናው ነገር ትዕግሥት ነው። ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚገባበት ቦታ ጋዜጣ ላይ አስተኚው፤ በክረምት እርጥበት ሦስት አራት ቀን ሊወስድ ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚሞት መስሎሽ ውሃ እንዳትረጪበት፤ ውሃውን ውስጡ ይዟል። ቁስሉ ላይ የከሰል ዱቄት የሚነሰንሱ አሉ፤ ብታደርጊው አይጎዳውም፣ የሚያድነው ግን መድረቁ ነው።

ባልዲውን አትጣዪው። ሚስማር እሳት ላይ አግለሽ ከታች ስምንት ያህል ቀዳዳ አውጪለት። ብቻ አሁን የሚተርፍልሽ ሥር ትንሽ ከሆነ ባልዲው ይሰፋዋል፤ ሥር የሌለበት ሰፊ አፈር እርጥበት ይዞ ይቀራል። ከሥሩ ስፋት ሁለት ጣት ብቻ የሚበልጥ የሸክላ ዕቃ ብታገኚ ይሻላል፤ ሸክላ በጎኑም ይተነፍሳል።

አፈሩ ላይ ደግሞ ጅማ መሆናችንን እናስብ። ቀዩ አፈራችን ለቡናና ለእንሰት ሲሳይ ነው፤ ብቻውን ዕቃ ውስጥ ሲገባ ግን ይጠብቃል። ሁለት እጅ ሻካራ የወንዝ አሸዋ በውሃ ታጥቦ፣ አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ የቡና ገለፈት አዋህጂ። የከሰል ፍርፋሪ ሽምብራ ሽምብራ አድርገሽ ብትጨምሪበት የበለጠ ያላላዋል። ገለፈቱ ያረጀና የጠቆረ መሆን አለበት። ከቡና መቀሸሪያ የወጣ ትኩስ ገለፈት ሲበሰብስ ይሞቃል፣ የአፈሩንም ናይትሮጅን ይሻማል።

ከተከልሽው በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ውሃ የሚባል ነገር እንዳይነካው።

ኡሙ_ሳሊም | ሐምሌ 12

አሰላሙ ዐለይኩም። እኔም ይሄው ተክል አለኝ፤ ስሙን ዛሬ ነው ያወቅኩት። አንዲት ጎረቤቴ «ካንሰር ያመጣል፣ ቤት ውስጥ አታኑሪው» ብላኝ ነበር። ሁሉን ነገር አፉ የሚያስገባ ገና የሚድህ ልጅ አለኝ። ልጣለው ወይስ ላቆየው?

መምህር_ዘባዮሎጂ | ሐምሌ 12

ወዐለይኩሙ ሰላም። ኡሙ ሳሊም፣ ካንሰር የሚለው ወሬ በኢንተርኔት ብዙ የተናፈሰ ነው፤ መሠረት የለውም። ተክሉን አብሮት በመኖር ወይም በመንካት ካንሰር የሚይዘው ሰው የለም።

በውስጡ ያለው ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል መርፌ የመሰለ ጥቃቅን ክሪስታል ነው። ጎደሬ ሳይበስል ሲቀመስ አፍና ጉሮሮ የሚያሳክከው በዚሁ ነገር ነው። ልጅ ቅጠሉን ካኘከ አፉን ያቃጥለዋል፣ ከንፈሩና ምላሱ ሊያብጥ ይችላል፤ ያለቅሳል፣ ምራቁ ይዝረከረካል። ብዙውን ጊዜ ስለሚያመው ወዲያው ይተፋዋል። እንዲህ ቢሆን ከአፉ ውስጥ ቁራጩን አውጪና በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊለት፤ ቀዝቃዛ ውሃ ወይም ወተት ስጪው። እንዲያስታውክ ግን አታድርጊ። ጉሮሮው ካበጠ፣ መዋጥ ካቃተው ወይም ትንፋሽ ካጠረው አንድ ደቂቃ ሳትጠብቂ ሐኪም ቤት ውሰጂው። ፈሳሹ ዓይን ከገባ በንጹሕ ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል ማጠብ ነው።

ከዚህ የባሰው ዲፈንባኪያ ነው፤ ያ ሰፊ ቅጠሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ በየቢሮው የማይጠፋው። ቤትሽ ካለ መጀመሪያ እሱን ከፍ አድርጊ። ዚዚንም ልጁ እስኪያድግ እጁ የማይደርስበት ቦታ አኑሪው፤ መጣል አያስፈልግሽም። የወደቁ ቅጠሎችን ከመሬት ማንሳት ግን አትርሺ፤ የሚድህ ልጅ መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው።

ዳዊት_ኪቶ | ሐምሌ 14

እኔ ተማሪ ነኝ፤ የምኖርበት ክፍል መስኮቱ ጠባብ ነው፣ ቀን ቀን እንኳ መብራት አበራለሁ። ዚዚ እንደዚህ ባለ ክፍል ይኖራል ሲሉ ሰማሁ። ደግሞ ቤተሰቦቼ ገበሬዎች ስለሆኑ ዩሪያ አላጣም። ጥቂት ብጨምርበት ቶሎ ያድጋል?

እትዬ_ችግኝ | ሐምሌ 14

ዳዊት፣ ይኖራል፤ አያድግም። ጨለማ ቻይ ነው ሲባል በጨለማ ይወፍራል ማለት አይደለም፤ ጎተራውን እየበላ ይቆያል ማለት ነው። ደህና አድርጎ የሚያድገው ብርሃን በሚበዛበት፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ በማይመታው ቦታ ነው። ክፍልህ ጨለማ ከሆነ ውሃውን የበለጠ ቀንስ፤ ብርሃን ባነሰ መጠን የሚጠጣው ውሃም ያንሳል።

ዩሪያውን እርሳው። ለማሳ የተሠራ ነው፤ በአንድ ዕቃ አፈር ውስጥ በጣት ቆንጥረህ ብትጨምር እንኳ ሥሩን ያቃጥለዋል። ዚዚ ቀስ ብሎ የሚያድግ ተክል ነው፣ ምግቡም ትንሽ ነው። የበሰበሰ ኮምፖስት በዓመት አንዴ ከላይ ብትነሰንስለት ይበቃዋል።

ሰላም_ከአዲስ | ሐምሌ 15

የቤት አየር ያጸዳል የሚባለውስ? እኔ የገዛሁት በዚያ ምክንያት ነበር።

መምህር_ዘባዮሎጂ | ሐምሌ 15

ሰላም፣ ያ ወሬ የመጣው የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. በ1989 ካወጣው ጥናት ነው። ሙከራው የተደረገው ትንንሽ የታሸጉ ሣጥኖች ውስጥ ነበር። ሰው የሚኖርበት ክፍል በርና መስኮት አለው፤ አየሩ በእነሱ የሚለዋወጠው ተክሉ ሊያጸዳ ከሚችለው እጅግ ይበልጣል። ለንጹሕ አየር መስኮት ክፈቺ፣ በተለይ ከሰል የምታነዱ ከሆነ። ተክሉን ለውበቱ ውደጂው፤ እሱ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ስለ ዚዚ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። ውሃ ሲያጥረው የቅጠሉን ቀዳዳዎች ቀን ዘግቶ ሌሊት ከፍቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማስገባት ይችላል። ይሄ የቁልቋልና የአናናስ ጠባይ ነው፤ በጎደሬ ወገን ውስጥ ግን ብርቅ ነው። እርጥበት ወዳድ ከሆነ ቤተሰብ ወጥቶ የበረሃ ኑሮ የተማረ ተክል ነው ማለት ይቻላል።

አጋሮ_ቡና | ሐምሌ 16

መምህር፣ ከውጭ የሚመጣውን ስታመሰግኑ የጫካችንን እንዳትረሱ። ከቡና ሥር፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ውስጥ ረጅም ሰፊ ቅጠሉ የበቆሎ የሚመስል ተክል አለ፤ ለአጥርም እንተክለዋለን። የከተማ ልጆች ቤት ሄጄ ያንኑ በዕቃ ተተክሎ፣ መሃሉ ቢጫ መስመር ገብቶበት አየሁት። ገዝተነው ነው አሉኝ።

መምህር_ዘባዮሎጂ | ሐምሌ 16

ልክ ነዎት ጋሼ፤ ድራሴና ፍራግራንስ ይባላል። ቢጫ መስመር ያለው ዓይነት ሰው መርጦ ያራባው ነው። ዱሬው ግን በደቡብ ምዕራብ ጫካዎቻችን አለ፤ ጥላ መልመዱም ከዚያው የመጣ ነው። ከጫካ ነቅሎ ማምጣት ግን አልደግፍም፤ አጥር ላይ ካለው አንድ ክንድ ያህል ቆርጦ እርጥብ አፈር ውስጥ ማቆም በቂ ነው፤ ሥር ያወጣል።

ሀዊ_ቆጪ | ጥቅምት 21

ሰላም፣ ከቆየሁ በኋላ ተመለስኩ። እትዬ እንዳሉኝ አንድም ሳይቀር አደረግሁ። ሳወጣው ግማሹ ድንች ፈርሶ ነበር፤ ሦስት ጠጣር ቀረልኝ፣ በእነሱ ላይ አምስት ዘንግ። የሸክላ ዕቃ ከሐሙስ ገበያ ገዛሁ። አከራዬን ደግሞ ጉዳዩን ስነግራቸው ደነገጡ፤ «እኔኮ እያጠጣሁልሽ መስሎኝ ነው» አሉ፣ እውነታቸውን ነው። አሁን ከረከቦቱ ጎን ለእጣቢ የሚሆን ጎድጓዳ ሳህን አለ፤ ተክሉም ከቡናው ርቆ ምሥራቅ መስኮት አጠገብ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጧል።

መስከረም አጋማሽ ላይ ከአፈሩ ሹል ፈዛዛ አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ። አሁን ቁመቱ ስንዝር አልፏል፤ ትንንሾቹ ቅጠሎች ተጣጥፈው ቆይተው በዚህ ሳምንት ከታች ወደ ላይ መከፈት ጀምረዋል። ከሌሎቹ ይልቅ ቀለሙ ብሩህ ነው፤ ችግር ይሆን?

ሌላው ጥያቄዬ፦ ስነቅለው የረገፉ ጤነኛ ቅጠሎችን አልጣልኳቸውም፤ ከአንዲቱ ተክል ይወጣል ይባላል። እውነት ነው? ለኡሙ ሳሊምም ለአከራዬም ብሰጥ ደስ ይለኛል። ውሃውስ ከአሁን በኋላ በስንት ጊዜ?

እትዬ_ችግኝ | ጥቅምት 22

ሀዊዬ፣ እሰይ! ብሩህ መሆኑ የአዲስ ቅጠል ጠባይ ነው፤ እየቆየ ይጠቁራል። ዘንበል ካለ ዕቃውን አልፎ አልፎ አዙሪው፣ ወደ ብርሃኑ እየተሳበ ነው። ቅጠሉን ለማሳመር ወተት ወይም ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ አቧራ ይሰበስብበታል፣ ቀዳዳውንም ይደፍነዋል። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ውሃን በቀን መቁጠሪያ አታጠጪ። ቀጭን ደረቅ ስንጥር እስከ ዕቃው ታች ስደጂና ጥቂት ቆይተሽ አውጪው፤ አፈር ተጣብቆበት ወይም ቀዝቅዞ ከወጣ ገና ነው። ደርቆ ከወጣ ከታች እስኪፈስ አጠጪና ማስቀመጫው ላይ የተጠራቀመውን ድፊው። እኛ አገር በበጋ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት አንዴ ይሆናል፤ በክረምት ወር ቢያልፈውም አትደንግጪ። ስትጠራጠሪ አቆዪው፤ የተጠማ ዚዚ ይመለሳል፣ የበሰበሰ ግን አይመለስም።

አሁን ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ እየመጣ ነው፤ የጅማ ቀን ቢሞቅም ሌሊቱ ይበርዳል። ዚዚ ከ15 ዲግሪ በታች አይመቸውም፤ ማታ ከመስኮቱ መስታወት ፈቀቅ አድርጊው። በብርድ ሰሞን እርጥብ አፈር ላይ ካደረ ነው እንደገና የሚበሰብሰው።

የቅጠሉ ነገር እውነት ነው፣ ጊዜ ግን ይፈልጋል። የረገፉት ሐምሌ ላይ ከሆነ ያልደረቁትን ምረጪ። ታችኛውን ጫፍ አንድ ጣት ያህል በዚያው አሸዋማ አፈር ውስጥ ሰክተሽ ብርሃን ያለበት ጥላ ላይ አኑሪ፤ አፈሩ ከደረቀ ብቻ ትንሽ ርጪ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከጫፉ ሥር የአተር ያህል ድንች ይቋጥራል። ዘንግ የሚያወጣው ግን ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ ዓመት የሚሞላውም አለ። በመሃል ቅጠሉ ቢደርቅ አትጣዪው፤ ድንቹ ከሥር በሕይወት ይኖራል።

ቶሎ መስጠት ከፈለግሽ ግን መክፈል ይሻላል። ሦስቱ ድንቾች በደንብ ሥር ሰደው ዕቃውን እስኪሞሉት ጠብቂ፤ ቢያንስ የሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ይድረስ። ያኔ አንዱን ከነዘንጉና ከነሥሩ ለይተሽ፣ ቁስሉን አድርቀሽ ለብቻው ትተክዪለታለሽ። ለኡሙ ሳሊም አትላኪ፣ እሷ አላት። ለአከራይሽ ስጪ፤ ከዕቃው ጋር ስንጥሩንም አብረሽ።

ኡሙ_ሳሊም | ጥቅምት 22

እትዬ፣ የእኔ ዕቃውን ጎኑን ለጥጦ ሊሰነጥቀው ደርሷል፤ ጠባብ ዕቃ ይወዳል ብለው ነግረውኝ ትቼው ነበር። ልቀይርለት?

እትዬ_ችግኝ | ጥቅምት 23

መጥበቡን ይችለዋል፤ ዕቃው መለጠጥ ከጀመረ ግን ቀይሪለት። ፕላስቲክ ከሆነ በጎኑ ቅደጂው እንጂ ዘንጉን አትጎትቺ፤ ድንቹ ይሰበራል። አሁን በጋ ሊገባ ስለሆነ ጊዜው ጥሩ ነው። አንድ ደረጃ ብቻ የሚበልጥ ዕቃ ይበቃል፤ እግረ መንገድሽን ከሁለት ክፈዪውና ሁለቱንም ሳሊም በማይደርስበት መደርደሪያ ላይ አኑሪ።